በአቡነ ዘበሰማያት የተለካ ውሃ

ባለፈው በጋ ባሕር ዳር ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሦስት ጐልማሶች የመንገዱን የብረት ክዳን ገልብጠው ወደ ታች ሲያዩ ደረስሁ። ዝናብ ከዘነበ ወራት አልፏል፤ አቧራው የዛፉን ቅጠል ሁሉ አልብሶታል። ከጉድጓዱ ውስጥ ግን የሚሮጥ ውሃ ይሰማል። ቦት ጫማ ያደረገው፣ «በዚህ ሰዓት ይህን ሁሉ ውሃ የሚደፋው ማን ነው? ሰው ገና ፊቱን አልታጠበ» አለ። የሰው ሥራ ውስጥ መግባት አልወድም። እግሬ ግን አልሄድ አለኝ።

«የኔ ልጅ፣ ውሃው ደፍርሷል ወይስ ጥሩ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ ጥሩ ነው እማማ። ልቅዳልዎት እንዴ?» ሲለኝ ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ልጄ የሺ፣ «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ፣ «ምንም» አልኋት። ያን ምንም ያልሁትን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ እኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የሺ ገና መሮጥ ጀምራለች። እንኖርባት የነበረችው ትንሽ ከተማ ከጋይንት ወደ ስማዳ በሚያወርደው የበቅሎ መንገድ ላይ ናት፤ የማወራላችሁ ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያው ስላሉ ስሟን ልተወው። ባለቤቴ ምንይችል የከተማው ሹም ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ነበር። ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። ከዘበኝነቱ ሁሉ የሚኮራው በተሰጠው ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ባለ ቁልፍ በር፣ የቆርቆሮ ክዳን። እኔ የተወለድሁት እስቴ ገጠር፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ነው። በገባን ሰሞን ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ምንይችል ጋደም ብሎ እያዳመጠ፣ «ስሚ እንግዲህ፣ ይህ የጌቶች ዝናብ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ቤቱ የቆመው ግን በቦዩ ላይ ነው። ቦዩ ከጤና ጣቢያው ተነሥቶ፣ በወህኒ ቤቱና በሹሙ ግቢ በኩል ዞሮ፣ በእኛ ወለል ሥር አልፎ ከከተማዋ በታች ካለው ገደል አፋፍ ላይ የሚወጣ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ነው። የሲሚንቶ ቱቦ እየተቀጣጠለ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ከላይ ሲያዩት ምንም የለም፤ እዚህም እዚያም የድንጋይ ክዳን ብቻ። ጎረቤታችን መሪጌታ ይሁኔ፣ ዜማ የሚያስተምሩ ትልቅ ሰው፣ ያ ቦታ ድሮ ከብት የሚጠጣበት ጨፌ እንደነበረ ያውቃሉ። በድንጋይና በአፈር ተደልድሎ ነው ቤት የተሠራበት። «ጨፌ ይቀበራል እንጂ አይሞትም» ይሉኝ ነበር፣ በእኛ ደጅ ባለፉ ቁጥር ማለት ይቻላል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይናገራል? እሳቸው ተናግረው ይሄዳሉ፤ እኔ ይዤው አድራለሁ።

የዚያን ዓመት ክረምት ቦዩ ሞልቶ በክዳኖቹ ገነፈለና የጤና ጣቢያውን ግቢ አጥለቀለቀው። ብዙ ልጅ ታመመ። ክረምቱ ወጥቶ፣ መኸሩም ተሰብስቦ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ መኩሪያ የሚባል የጤና ሠራተኛ ከጎንደር ተልኮ መጣ። ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ክዳን ለክዳን የሚዞር። ሰው የሚያክም እንጂ ቦይ የሚያክም አይተን ስለማናውቅ ከተማው ሁሉ መሳቂያ አደረገው።

«ዶክተር፣ ቦያችንን ምን አገኘው?» ይሉታል ጠላ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት።

«ተቅማጥ» ይላቸዋል፣ ቀና ሳይል።

ለሹሙ ሲያስረዳ ምንይችል ቆሞ ሰምቶ ለእኔ ነገረኝ። ቦዩ የተሠራው የከተማው ሰው የሚደፋውን እንዲሸከም ነው። አሁን ግን ማንም ያልደፋው ውሃ ይገባበታል፤ በክረምት የዝናቡ ከላይ በክዳኑ፣ በበጋ ደግሞ የመሬቱ ከታች በቱቦው መጋጠሚያ። መኩሪያ ይህን «ያልተጠራ እንግዳ» ይለዋል። እንግዳው ስንት እንደሆነ ካልታወቀ ቦዩ ይስፋ ወይስ ይጠገን ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ቦዩ ገደሉ ላይ ከሚወጣበት አፍ የላምባ ጣሳ እየደቀነ፣ ጣሳው በስንት ጊዜ እንደሚሞላ መቁጠር ይፈልጋል፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ፣ እስከ ክረምት። እሱ ራሱ ግን አርብ ገበያና ወገዳ በሚባሉት ከተሞችም ሥራ አለበት። በእሱ ፈንታ የሚለካና ቁጥር መጻፍ የሚችል ሰው አጣ።

ምንይችል፣ «የእኔይቱ ሦስተኛ ክፍል ተምራለች» አለ። እንዲህ ሆኖ የቦይ ጸሐፊ ሆንሁ።

ችግሩ ሰዓት ነው። መኩሪያ ያለው አንድ የእጅ ሰዓት ነው፤ እሱንም ይዞት ይሄዳል። እያፈርሁ፣ «እናቴ የቁስል መድኃኒት ስታፈላ እሳት ላይ የምታቆየው ሦስት አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ነበር። በእሱ ብቆጥርስ?» አልሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሰዓቱን አውጥቶ፣ «በይ ድገሚ» አለኝ። ቦዩ አፍ ላይ ቆሜ ዐሥር ጊዜ ደገምሁ። ዐሥሩም እኩል ሆነ።

«አንቺ ከዚህ ከእኔ ሰዓት ትሻያለሽ፤ እሱ በብርድ ይቆማል» አለኝ። ጣሳውን ደቀንን። አራት ደግሜ ስጨርስ ጢም አለ። በደብተሬ ላይ «አራት» ብዬ ጻፍሁ። መኩሪያም በቅሎው ላይ ሆኖ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ፤ ጣሳው ሥር አሸዋ ካየሁ ውሃው አፈር እየበላ ነውና እንድጽፍ፣ የስቅለት ዕለት ደግሞ ፈጽሞ እንዳልቀር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራውን ወደድሁት። በጠዋት የሺን አዝዬ፣ ቆሎ በመቀነቴ ቋጥሬ፣ በደደሆው ቁጥቋጦ መካከል በምታወርደው ቀጭን መንገድ እወርዳለሁ። ብርዱ ጠንካራ ነው፤ የጋይንት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል። የቦዩ አፍ ልጅ የሚያስገባ ክብ ጉድጓድ ነው። በዚያ ብርድ ከውስጡ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ እንደሚተነፍስ ሰው፣ ቆም እያለ። ከእንፋሎቱ ጋር ድምፅ አለ። የውሃ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሁለት ሰዎች ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ዝቅ ብለው የሚነጋገሩ ይመስላል፤ ጆሮ ሲሰጡት ዝም ይላል፣ ዘወር ሲሉ ይቀጥላል። የሺ ከጀርባዬ ሆና ጣቷን ወደ ጉድጓዱ እየቀሰረች «ማነው?» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ ቤት ትቻት መውረድ ጀመርሁ።

ትቻት ስወርድ ደግሞ ባሰብኝ። ልጄ የተኛችው እኔ የምለካው ውሃ በሚያልፍበት ወለል ላይ ነው። ቤቱም መለወጥ ጀመረ። አንድ ቀን ለሽሮው የሚሆን ቅመም ስወቅጥ ሙቀጫው ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ዘነዘናው አንዴ ሲወርድ ከታች አንዴ ይመልሳል። ሳቆም ያቆማል። ሙቀጫውን ወደ ማጀቱ ባስጠጋው ተራ ድምፅ ነው፤ የሺ መደብ አጠገብ ሳመጣው ከወለሉ በታች ያለችው ሌላዋ ሴት ትወቅጣለች። የታቀፈች ዶሮዬ እንቁላሏን ጥላ ከዚያች ጥግ ወጣች፤ ብመልሳት እምቢ አለች። በሩ መግጠም ተወ።

ምንይችል በሩን እየላገ፣ «እንጨት ያብጣል» አለኝ።

«በበጋ?»

«አንቺ ደግሞ! ትናንት ዶሮዋ፣ ዛሬ በሩ። ነገ ድመቷ ፊቷን አዞረችብኝ ትያለሽ።»

ጎረቤቱም ስጉ መሆኔን ያውቃል። የሺ ስታስነጥስ ጠበል የምወስዳት እኔ ነኝ፤ የቤቱን ቁልፍ ቆልፌ ከመንገድ ተመልሼ የምነካው እኔ ነኝ። ስለዚህ የነገርሁት ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እኔም ራሴን አላምነውም ነበር። የማምነው ደብተሩን ነው። በደብተሩ ደግሞ አራት፣ አራት፣ አራት ይላል።

ስቅለት ደረሰ። መኩሪያ ስለዚህ ቀን ያስጠነቀቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በዓመት አንድ ቀን በእኛ አገር ማጀት አይሠራም፤ ዕቃ የሚያጥብ፣ ልብስ የሚዘፈዝፍ፣ ውሃ የሚደፋ የለም። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እስረኛው እንኳ በግቢው ይሰግዳል። የዚያን ዕለት በቦዩ የሚወርደው እንግዳው ብቻ ነው።

ቀትር ላይ ከስግደቱ ወጥቼ ወረድሁ። ያን መንገድ እስከ ዛሬ ሳስበው አንገቴን ይበርደኛል። ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቷል። ጭስ የለም። ሕፃን አይጮኽም፣ ውሻ እንኳ ጥላ ሥር ተኝቶ አንገቱን አላነሣም። ከሩቅ «ኪርያላይሶን» ብቻ ይሰማል፣ እሱም ነፋሱ ሲያመጣው። ጾሜን ነኝ፤ ጉልበቴ በስግደት ዝሏል። ገደሉ አፋፍ ስደርስ ቦዩ ከወትሮው ባልተለየ ድምፅ ያወራ ነበር። ማንም አልደፋም። ውሃው ግን ይመጣል። ሽታ የለውም፣ የሳሙና አረፋ የለውም፤ እንደ ምንጭ ጥሩ ነው፣ እጄን ባገባ እስከ ክርኔ የሚያደነዝዝ። ጣሳውን ደቅኜ ደገምሁ። አምስት። በተራ ቀን የሚወርደውና ማንም በሌለበት ቀን የሚወርደው ይህን ያህል ተቀራረበ! ጣሳውን ስገለብጥ ከሥሩ እንደ ነጭ ጤፍ የደቀቀ አሸዋ ቀረ። በመዳፌ ይዤው ቆምሁ። ይህ አሸዋ ትናንት የት ነበር? ከማን ሥር ነው የወጣው? ጣሳውን እዚያው ጥዬ ሮጥሁ።

ፋሲካ አለፈ፤ ዳግም ትንሣኤም። ግንቦት ላይ ማታ ማታ ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ጀመረ። እኔ መውረዴን አላቆምሁም፤ ግን አሁን ቦዩ አፍ ላይ የምቆመው ጀርባዬን ለገደሉ፣ ዓይኔን ለቤቴ ቆርቆሮ ሰጥቼ ነው። ደግሜ፣ ጽፌ፣ እሮጣለሁ። ደብተሩ ስድስት ይላል። ስድስት፣ አሸዋ። ስድስት፣ አሸዋ።

መኩሪያ ከአርብ ገበያ ሲመለስ ደብተሩን ሹሙ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ሆኖ አገላበጠው። ምንይችል ቆሟል፤ እኔም ከኋላው።

«በስቅለቱ ቁጥር ከአምስት እጅ አራቱ እንግዳ ነው፤ ይህን ያህልስ አልጠበቅሁም» አለ መኩሪያ። «ግን ጥሩ ዜና አለ። መጀመሪያ በአራት የሚሞላው ጣሳ አሁን ስድስት ይፈጃል። ለመሙላት ከዘገየ ውሃው ቀንሷል ማለት ነው።»

ምንይችል፣ «ጌታዬ፣ ቤቱስ ያሰጋል ወይ?» አለው። «ይህቺ ሴት ጆሮዋን ወለሉ ላይ ጥላ ትውላለች። ልውጣ ብል ደግሞ ቤቱን የሚሻው ብዙ ነው፤ ተመልሶ አይሰጠኝም።»

«የሚቀንስ ውሃ አፈር አይበላም። አሸዋው የቆየ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ደግመን እናያለን።» ቁጥሮቹን በራሱ ወረቀት ላይ ገለበጠ፤ ወረቀቱንም በፖስታ አሽጎ ለአለቆቹ ላከ። በማግሥቱ ወደ ወገዳ ወረደ።

ምንይችል ያን ቀን ሲስቅ ዋለ። እኔ ምን ልበል? በገዛ እጄ የጻፍሁት ነው። ወለሉ ይመልስልኛል፣ ዶሮዋ ወጥታለች ብዬ ከእጄ ጽሑፍ ጋር ልከራከር? ሙቀጫውን ደጅ አወጣሁት።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያትን በአንድ ላይ ይደግም ጀመር። እኔም ጀመርሁ። አሜን ብዬ ቀና ስል ሰዉ ሁሉ ገና የዕለት እንጀራውን ይለምናል። ከጎኔ የቆሙ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ማን እያባረረሽ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ጣሳው ታወሰኝ። ስንት ቀን እንዲህ ስል ኖሬያለሁ? ቦዩ አፍ ላይ ፍርሃቴ በጨመረ ቁጥር ጸሎቴ ይሮጣል። ጸሎቴ በሮጠ ቁጥር ጣሳው እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ይደገማል። ጣሳው የዘገየ የሚመስለው እሱ ዘግይቶ አይደለም፤ እኔ ፈጥኜ ነው። ስድስት ብዬ የጻፍሁት ውሃ ምን ያህል እንደነበር እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። የፈራሁትን ነገር የደበቀው የገዛ ፍርሃቴ ነበር።

ቅዳሴው እንዳበቃ መሪጌታ ይሁኔን ደጀ ሰላም ሥር ያዝኋቸው።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ይርዱኝ። ቦዩ አፍ ወርደው አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙልኝ።»

«የት?»

«ቦዩ አፍ። እኔ ጣሳ እደቅናለሁ፤ እርስዎ ይደግማሉ።»

«አንቺ ልጅ! የጌታን ጸሎት በእስረኛ ሽንት ላይ?»

«ሽንት አይደለም መሪጌታ። የሚበዛው ያ የሚሉት ጨፌ ነው። እኔ ስፈራ እፈጥናለሁ። እርስዎ አይፈጥኑም።»

ይህን ስል ዓይኔን አዩኝ። መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ገደሉ ላይ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ቆሙ፤ ትንሽ ቆይተው ነጠላውን አነሡት፣ ሽታ የለማ። ጣሳውን ደቀንሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው፣ ተማሪ እንደሚያስጠኑ፣ ቃል በቃል ይደግሙ ጀመር። የእሳቸው አንዱ እኔ በሰላሙ ጊዜ ከምለው ብዙም አይዘገይም። የመጀመሪያውን ጨርሰው ሁለተኛው መካከል ሳይደርሱ ውሃው ከጣሳው ከንፈር ፈሶ እግሬን አራሰው።

«ድገመው» አልሁ። እርስዎ ማለቱም ጠፍቶኝ ነበር።

ደገሙት። ያው ነው። ሁለት እንኳ አልሞላም፤ አራት የነበረው። አሸዋው በመዳፍ ሳይሆን በእፍኝ ተገኘ፤ ከአሸዋው ጋር አንድ የገለባ ቁራጭ፣ ጭቃ የያዘ፣ ቤት የተመረገበት ጭድ የመሰለ። መሪጌታ ጭዱን በጣታቸው አሽተው ወደ እኛ ቤት ቀና ብለው አዩ። «ልጅቱን ወደ እኛ ቤት አምጫት፤ አሁን» አሉኝ።

ምንይችል ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሰማኝ። አልተቆጣም፤ ይህ ነው የባሰው። «ትናንት ስድስት ነው ብለሽ ጻፍሽ፤ የተማረው ሰውዬ አየው፣ ሹሙ ሰማው። ዛሬ ውሸት ነው ትያለሽ። የቱን ልመንሽ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። የሺን ሳዝል ግን ድምፁ ተለወጠ። «ልጄን ከቤቴ ካወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትገቢ።»

አወጣኋት። የመሪጌታ ባለቤት የገብስ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት፤ እኔ አልበላ አለኝ። ለመኩሪያ ደብዳቤ ጽፌ ወደ ወገዳ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጠሁ፤ «ቁጥሬ ትክክል አይደለም፤ ፈርቼ ነው» የሚል።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ልለካ ወረድሁ። በደደሆው መካከል ሳልፍ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ቆም ብዬ አዳመጥሁ። ድምፁ የለም። ቦዩ ዝም ብሏል። አፉ ላይ ስደርስ እርጥብ ድንጋይና ጠብ ጠብ የሚል ነገር ብቻ አየሁ። ልብስ ልታጥብ የወረደች አንዲት ሴት፣ «እሰይ፣ ደረቀልሽ! ከዚህ ሥራም ተገላገልሽ» አለችኝ።

እኔ ግን ስቅለት ዕለት እንኳ ዝም አላለም እያልሁ አስባለሁ። ማንም ሳይደፋ የሚመጣ ውሃ ማንም ሳያስቆመው አይቆምም። ካልወጣ ውስጥ ነው። ካልሄደ ቆሞ እየሞላ ነው፤ የቆመውም በማን ወለል ሥር እንደሆነ አውቃለሁ። ምንይችል በዚያ ሰዓት ከዘብ ተመልሶ ተኝቷል።

አቀበቱን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩ ተጣብቋል፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ወለሉ እርጥብ ነበር፤ በየሺ መደብ ሥር ጥሩ ውሃ ቀስ ብሎ ይመነጫል። ምንይችል ጋቢውን ተከናንቦ ያንኮራፋል። ቤቱ ሊወድቅ ነው ብለው እንደማይነሣ፣ ተነሥቶም ሲከራከረኝ ጊዜው እንደሚያልቅ አወቅሁ። ስለዚህ ዋሸሁ።

«ተነሥ! ሹሙ ይጠሩሃል! ከደብረ ታቦር ትልቅ ሰው መጥቷል፤ ዘበኛው የት አለ እያሉ ነው!»

እንደ ጥይት ተነሣ። ጠመንጃውን አንጠልጥሎ፣ ባዶ እግሩን፣ ቀበቶውን እየታጠቀ ወጣ። እኔም ተከተልሁት። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ አየ፤ ሰው የለም። ወደ እኔ ዞረና ፊቴን ሲያይ ገባው። «ታታልይኛለሽ?» ብሎ እጁን አነሣ።

እጁ እንደተነሣ ቀረ። ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ ሰው ተቀምጦ እፎይ እንደሚለው ያለ ነበር። ዞር ስል ቤታችን እንደ ላም ይተኛል፤ መጀመሪያ በፊት ጉልበቱ፣ ቀጥሎ በኋላው። አቧራ እንኳ አልተነሣም፣ አፈሩ ርሷልና። የቆርቆሮው ክዳን ሳይታጠፍ ከመሬት እኩል ሆኖ ቀረ። ሰዉ እስኪሰበሰብ ድረስ ሁለታችን ቆመን፣ ከክዳኑ ሥር ጥሩ ውሃ በዝምታ ሲወጣ እናይ ነበር። ምንይችል ያነሣውን እጅ መቼ እንዳወረደው አላየሁም። ያወረደው በትከሻዬ ላይ ነው።

መኩሪያ ደብዳቤው ደርሶት በቅሎውን እያስጋለበ ሲመጣ ጉድጓዱ በእሾህ ታጥሮ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዳሩ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ልለምነው ስጠጋ እሱ ቀደመኝ። «ሰዓቱን በእጄ ይዤ ሄድሁና የእናትን ልብ ሰዓት አደረግሁ» አለኝ። የላከውን ወረቀት ለማረም ሌላ ጻፈ፤ ሁለተኛው ይድረስ አይድረስ አላወቀም። እኔም አላውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ቦታ፣ በአቧራ በተሸፈነ መዝገብ ውስጥ፣ ውሃው እየቀነሰ ነው የሚል የእኔ ቁጥር ተቀምጦ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ከወደቀው ቤት ይልቅ ያስፈራኛል።

የመሪጌታን ጓዳ ተከራየን። ቀጥሎም በሣር ክዳን ቤት ኖርን። ምንይችል ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ቀን ስላወጣሁት አንድ ቀን አመስግኖኝ አያውቅም። ዘመድ ሲሰበሰብ ግን፣ «ሚስቴ በሕይወቷ አንድ ቀን ነው የዋሸችኝ፤ በዚያም ቀን የፈጠረችው ትልቅ ሰው ሹም ሊያደርገኝ ነበር» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ልጆቼ ዛሬም ስጉ ይሉኛል። ልክ ናቸው። ፍርሃቴን አልናቅሁትም፤ ወለሉን ያዳመጠ፣ አሸዋውን ያየ እሱ ነው። ግን ፍርሃት አመልካች እንጂ መስፈሪያ እንዳልሆነ ያን ዓመት ተምሬያለሁ። ዓምና ታናሹ የልጅ ልጄ ሳል ጠንቶበት ደረቱ ሲወጣ ሲወርድ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድሁ። ወረፋው ረጅም ነበር። ነርሷ ስልኳን ዘረጋችልኝና፣ «እማማ፣ እስክደርስልዎት በስልኩ ሰዓት አንድ ደቂቃ እያዩ ትንፋሹን ይቁጠሩልኝ» አለችኝ። ስልኩን ተቀብዬ ከጎኔ ለተቀመጠች፣ ለማላውቃት ሴት ሰጠኋት። «እባክሽ አንቺ ቁጠሪልኝ» አልኋት።

«ለምን? አያቱ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

«ስለሆንሁ ነው» አልኋት።